ሞላው ሐረጎን አያውቅም፦ ስለ ቱርቦ መኪና ኤሌክትሮኒክስ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በደሴና በኮምቦልቻ ሾፌሮችና መካኒኮች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። እኔ በምሠራበት የኮምቦልቻ ጋራዥ ብቻ ሦስት ደንበኞች ጽሑፉን ከስልካቸው እያነበቡልኝ «ታዲያ አንተ ለምን አትነቅልልኝም?» ብለውኛል። ለሦስቱም በቃል የሰጠሁት መልስ ሙሉ ስላልነበረ አሁን በጽሑፍ ልመልስ። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም፤ ሞተር ፈትተው የገጠሙ ሰው መሆናቸው ግን ከአጻጻፋቸው ይታወቃል፤ ስለዚህ የምከራከራቸው እንደ ሙያ ባልደረባ ነው።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ የሚከተለውን ነው። በቱርቦ መኪና ላይ የአየር ግፊቱን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካው የሞተሩን ጉልበት ለማፈን ያስገባው ልጓም ነው። የደሴ አየር ስስ ስለሆነ ሞተሩ እዚህ ተጨማሪ ግፊት ያለ ጉዳት ይሸከማል፤ ስለዚህ ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው የግፊት ቫልቭ) ወጥቶ በእጅ የሚዞር ትንሽ ቫልቭ ይገጠምለት፤ ግፊቱም ከ0.6 ባር ወደ 1.0 ባር ይጨመር። ትራክሽን ኮንትሮል የሚባለው፣ የሚነዱ ጎማዎች እንዳይንሸራተቱ የሚቆጣጠረው ሥርዓት ደግሞ ዳገት ላይ ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ጉልበት የሚነጥቅ ስለሆነ ፊውዙ ይነቀል። ጥሩ ሾፌር እግሩ ይበቃዋል። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ሽቦ ሲበላሽ በአካባቢያችን የሚጠግነው የለም።

ስለ ልጓሙ ልጀምር። አንዳንድ ፋብሪካዎች አንድን ሞተር በሶፍትዌር ለይተው በተለያየ ጉልበትና በተለያየ ዋጋ እንደሚሸጡ ጸሐፊው ያነሡት እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን የቱርቦ ኤሌክትሮኒክስ ለማፈን የተፈጠረ ነው ማለት ክፍሉ እንዴት እንደሚሠራ መርሳት ይሆናል። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር ተርባይን ነው፤ ተርባይኑ በዘንግ የተያያዘውን መጭመቂያ ያዞራል፣ መጭመቂያውም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ይጨምቃል። ጭስ በበዛ ቁጥር ሽክርክሪቱና ግፊቱ አብረው ስለሚጨምሩ የሆነ ቦታ ላይ የሚያቆመው ያስፈልጋል፤ ይህንን የሚያደርገው ዌስትጌት የሚባለው፣ ትርፉን ጭስ በተርባይኑ ሳያሳልፍ ወደ ጭስ ማውጫው የሚለቀው በር ነው። በሩን ዘግቶ የሚይዘው ሞላ (ስፕሪንግ) ሲሆን፣ የሚከፍተው ደግሞ ራሱ የተጨመቀው አየር በቀጭን ቱቦ መጥቶ ሞላውን ሲያሸንፈው ነው። ሶሌኖይዱ የተቀመጠው በዚህ ቀጭን ቱቦ መካከል ነው፤ ሥራውም ከአየሩ ጥቂቱን እያስተነፈሰ ሞላው ቶሎ እንዳይሸነፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ሶሌኖይዱ ግፊቱን ሞላው ከሚፈቅደው በላይ ያሳድጋል እንጂ ከዚያ በታች አያወርደውም።

ይህን ለማረጋገጥ የእኔን ቃል ማመን አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፍታችሁ የሶሌኖይዱን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ንቀሉና መኪናውን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ንዱት፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ዳሽቦርዱ መብራት ያበራል፣ መኪናውም ይደክማል። በባኪዩም በሚሠሩት የናፍጣ ቱርቦዎችም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ባኪዩሙ ሲቋረጥ ግፊቱ ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። ልጓም ቢሆን ኖሮ ሲፈታ ፈረሱ በጋለበ ነበር።

ታሪኩም ቢሆን ለጸሐፊው አይመሰክርም። ኤሌክትሮኒክስ ከመምጣቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ የቀረበው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ሞተሩ እንዳያንኳኳ፣ ማለትም ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ሰዓቱ እንዳይፈነዳ፣ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከተለየ ታንክ ይረጭለት ነበር፤ ፈሳሹ ሲያልቅ ግፊቱን የሚቀንስ ሜካኒካዊ ቫልቭም ነበረው። ባለቤቶቹ ፈሳሹን መሙላት ሰለቻቸው፣ መኪናው ደከመባቸው፣ ብዙዎቹም ቱርቦውን አስወጥተው በተራ ካርቡሬተር አስቀየሩት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስዊድኑ መኪና ፋብሪካ ሳአብ ያመጣው ሥርዓት ደግሞ ሞተሩ ላይ ማንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር ገጥሞ፣ ሞተሩ ሲያንኳኳ ብቻ ግፊቱን የሚቀንስ፣ ካላንኳኳ ግን ከፍ አድርጎ የሚተው ነበር። በዚህም ሾፌሩ ያገኘውን ቤንዚን ሞልቶ መሄድ ቻለ። ኤሌክትሮኒክሱ ወደ ቱርቦ የገባው ሜካኒካዊው ሥርዓት ሞተሩ በመጥፎ ቀን እንዳይሞት ብሎ በጥሩም ቀን ዝቅ አድርጎ ይይዘው የነበረውን ግፊት ለመልቀቅ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ ብዙ የሚባል አለ፤ ጽሑፉን አሳማኝ ያደረገውም ይኸው ነጥብ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ግማሹ ትክክል ነው። በባሕር ጠለል ላይ የከባቢ አየር ግፊት 1.01 ባር ያህል ነው። ኮምቦልቻ ላይ፣ ማለትም 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ወደ 0.81 ይወርዳል፤ ደሴ ላይ፣ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ወደ 0.75 ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋ ያጣል ማለት ነው፤ ቱርቦ ለእኛ አገር የሚስማማው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አስወጥቶ፣ ቱርቦ ስስ አየር የነጠቀውን ጉልበት እንደሚመልስ ያሳየው ሌላ ቦታ ሳይሆን ተራራ ላይ ነበር። ሲሊንደሩም የሚሰማው ጠቅላላውን ግፊት፣ የከባቢውና ቱርቦው የጨመረው ተደምረው፣ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ በጌጅ የሚነበበው፣ ቱርቦው ብቻ የጨመረው ግፊት ከባሕር ጠለሉ ጥቂት ቢበልጥ ሞተሩ አይጎዳም የሚለው አባባል በራሱ ስሕተት የለበትም።

የተረሳው ቱርቦው ራሱ ነው። ቱርቦው የሚለፋው በጌጁ ቁጥር ሳይሆን የሚያስገባውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚጨምቅ ነው። ጸሐፊው እንደሚመክሩት ከ0.6 ባር ወደ 1.0 ባር እንሂድ። ደሴ ላይ በ0.6 ስንነዳ ቱርቦው 0.75ን ወደ 1.35 ያደርሳል፣ ይህም 1.8 እጥፍ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ ግን ያው 0.6 ከ1.01 ወደ 1.61 ስለሆነ 1.6 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ማንም ሳይነካው ቱርቦው ደሴ ላይ ከጅቡቲ የበለጠ እየሠራ ነው። አሁን ወደ 1.0 እንጨምረው፤ 0.75 ወደ 1.75 መድረስ አለበት፣ ይህም 2.3 እጥፍን ያልፋል። የመጭመቂያው ብቃት 70 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ በ15 ዲግሪ የደሴ አየር ላይ ከመጭመቂያው የሚወጣው አየር በመጀመሪያው ሁኔታ ወደ 90 ዲግሪ፣ በሁለተኛው ወደ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የተሠራው ለመጀመሪያው ታስቦ ነው። ዘንጉም ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ሲዞር የዘይቱ ስስ ሽፋን ኩሽኔታውን መጠበቅ ያቅተዋል። «ቱርቦው ዘይት መትፋት ጀመረ» ተብለው ከመጡልን መኪኖች መካከል እንዲህ ያለ የእጅ ቫልቭ የተገጠመላቸው መኖራቸውን ስናገር ጸሐፊውን ለመውቀስ አይደለም፤ ቫልቩን የገጠሙት እርሳቸው አይደሉምና።

ነገር ግን የእጅ ቫልቩ ትልቁ ችግር ቁጥሩ አይደለም። ሞላ ከፍታን አያውቅም፤ ቫልቩም አያውቅም። ያስተካከሉት ሰኞ ጠዋት ደሴ ላይ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ ነው እንበል፤ 1.0 ባር ላይ ቆመ። ማክሰኞ ዕለት መኪናው በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ወረደ። ሚሌ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ያለች ስለሆነች የከባቢው ግፊት 0.95 ባር ያህል ነው። ቫልቩ የሰኞውን 1.0 አሁንም ይጨምርበታል፤ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው በደሴ ከነበረው 1.75 ወደ 1.95 ወጣ፣ በዚያ ላይ የሚሳበው አየር በአፋር ፀሐይ 40 ዲግሪን ያለፈ ነው። የቤንዚን ሞተር በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያንኳኳል፣ ካልታረመም ፒስተኑን ይበሳል። የናፍጣ ሞተር እንደዚያ ባያንኳኳም የሲሊንደሩ ግፊት ሲጨምር የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ላይ ያርፋል። ሾፌሩ በየከተማው ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ቫልቩን ካላዞረ በቀር ይህ አይቀርም። ጅቡቲንና ደሴን በአንድ መንገድ የሚያገናኝ አካባቢ የሚኖር መካኒክ አንድ ከፍታ ላይ ለቆመ መኪና ብቻ የሚሠራ ምክር መስጠቱ ነው የገረመኝ።

ኮምፒውተሩ ግን ያዞረዋል። በሐምሌ ወር ጉልበት አጣሁ ያለ ደንበኛ ባለ ቱርቦ የቤንዚን መኪናውን ይዞ መጥቶ፣ እርሱ እየነዳ እኔ ከጎኑ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጣን። ሁለት መስመር ብቻ ከፍቼ ነበር፤ አንዱ የከባቢ አየር ግፊት፣ ሌላው ሶሌኖይዱ ከመቶ ስንት እጅ እየሠራ እንደሆነ። ስንነሣ 81 ኪሎ ፓስካል (0.81 ባር) ነበር። ሐረጎ ላይ እየዞርን ስንወጣ ቁጥሩ አንድ አንድ እያለ ወረደ፣ ደሴ ስንገባ 75 ላይ ቆመ። በዚያው ልክ ሶሌኖይዱ በሠላሳዎቹ ጀምሮ ወደ ሃምሳዎቹ ከፍ አለ፤ ማንም ሳያዘው፣ ስስ የሆነውን አየር ለማካካስ። ጸሐፊው «ደሴ ላይ ግፊቱን ጨምሩለት» ያሉትን ነገር መኪናው ራሱ እያደረገ ነበር፤ ቱርቦው ከአቅሙ በላይ እንዳይሽከረከር ደግሞ ጣሪያ አስቀምጦለታል። (የደንበኛው ችግር ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ከታች እመለስበታለሁ።)

በናፍጣ መኪና ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጉልበት የሚመጣው ከነዳጁ ነው፤ አየር ብቻውን ጉልበት አይሆንም። የቱርቦውን ግፊት በእጅ ቫልቭ ጨምሮ ነዳጁን ሳይነኩ የተሻለ ጉልበት አገኘሁ የሚል ሾፌር ያገኘው ምናልባት የፉጨቱን ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ትራክሽን ኮንትሮል ልለፍ፤ እዚህ ላይ ንግግሬ ትንሽ ጠንከር ቢል ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ምክንያቱም ፊውዝ ይነቀል የሚለው ምክር ሰው ሊገድል ይችላል። ትራክሽን ኮንትሮል የራሱ ጎማ ቆጣሪ የለውም፤ የሚጠቀመው በኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር በሚያደርገው ሥርዓት፣ ሴንሰሮች ነው። በየጎማው ያለው ሴንሰር ፍጥነቱን ይናገራል፣ አንዱ የሚነዳ ጎማ ከሌሎቹ ሲፈጥን ሥርዓቱ ያ ጎማ እንደተንሸራተተ ይረዳል፣ ከዚያም ጎማውን በፍሬን ይይዘዋል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ፊውዙ ሲነቀል የሚጠፋው ትራክሽን ኮንትሮል ብቻ አይደለም፤ በብዙ መኪኖች ኤቢኤሱ አብሮ ይጠፋል፣ የኋላ ጎማዎች ቀድመው እንዳይታሰሩ የፍሬኑን ኃይል የሚያከፋፍለውም እንዲሁ። ዳገቱን ለመውጣት ተብሎ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ፍሬን ተሸጠ ማለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ዝናብ እየዘነበ የወረደ ሰው፣ ኩርባው ላይ የኋላ ጎማ ሲታሰር መኪናው ወደየት እንደሚዞር አይጠይቀኝም።

ባለፈው ክረምት የመጣች አንዲት መኪና ዳሽቦርዷ ላይ የኤቢኤሱ ማስጠንቀቂያ መብራት በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኖ አገኘሁ። ፕላስተሩን ስልጠው ቢጫው መብራት በራ፤ ባለቤቱም አይቶት «እሱን ተወው፣ ዓመት ሆኖታል» አለኝ። የፊውዙ ቦታ ባዶ ነበር። ፊውዙን መልሼ ስሰካው መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ጠፋ፤ ሌላ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረውም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልንገራችሁ፦ በጥልቅ ጭቃና በላላ አሸዋ ላይ የሞተር ጉልበት መቀነሱ መኪናውን ያስቆመዋል። እንደዚያ ባለ ቦታ ጎማው ትንሽ እየተሽከረከረ ጭቃውን መጣል አለበት። በክረምት ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ፋብሪካዎቹም ያውቁታል፤ ስለዚህ ነው ከመሪው አጠገብ የመኪና መንሸራተት ምልክት ያለበት ቁልፍ ያስቀመጡት። ቁልፉ ተጭኖ ጭቃው ይታለፋል፣ አስፋልቱ ሲገኝ ደግሞ ይመለሳል፤ ኤቢኤሱን ግን አይነካውም። ቁልፍ እያለ ፊውዝ መንቀል የቤቱን መብራት ለማጥፋት ቆጣሪውን እንደ መበጠስ ነው።

በተረፈ ግን ዳገት ላይ ጉልበት ይነጥቃል የሚለው ከዲፈረንሻሉ አሠራር ጋር አይሄድም። የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱ ጎማዎች የሚሰጠው እኩል ኃይል ስለሆነ፣ አንዱ ጎማ በደሴ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ተንሸራቶ በከንቱ ሲዞር ሌላውም የሚደርሰው ያው ከንቱ ኃይል ነው። ሥርዓቱ የሚንሸራተተውን ጎማ በፍሬን ሲይዘው ዲፈረንሻሉ የሚቃወመው ነገር አገኘ፤ በዚህም ለቆመው ጎማ ኃይል ይደርሰዋል። መኪናው የሚወጣው በዚህ ነው። በቱርቦ መኪና ላይ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል። ቱርቦው ሳይነሣ ሾፌሩ ነዳጁን ይረግጣል፣ መኪናው ዝም ይላል፣ ጨምሮ ይረግጣል፤ ከ2,000 ዙር አካባቢ ጀምሮ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይመጣና ጎማው ከኩርባው መካከል ይፈታል። ያን ቅጽበት ለመያዝ የተሳሰሩት የሞተሩና የፍሬኑ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በቤንዚን መኪና የመጀመሪያው እርምጃ የካንዴላውን እሳት ማዘግየት ነው፣ እርሱ ፈጣን ነውና፤ አየሩን መቀነስ ቀጥሎ ይመጣል። ቱርቦውን በእጅ ቫልቭ ላደረገው መኪና ግን ይህ ትስስር ግማሹ ተቆርጧል፤ ፍሬኑ «ቀንስ» ሲል ቱርቦው አይሰማም።

«ጥሩ ሾፌር እግሩ ይበቃዋል» ለሚለው ረጅም መልስ አያስፈልገውም። የእኛ አካባቢ ሾፌሮች በእነዚህ ዳገቶች ላይ ያላቸውን ችሎታ አላሳንስም፤ አባቶቻችን በጭቃ መንገድ ላይ ያለ ምንም ኤሌክትሮኒክስ ጭነት አውጥተዋል። ይሁን እንጂ የፍሬን መርገጫ አንድ ነው፣ ጎማ አራት ነው። አንድን ጎማ ብቻ ለይቶ መያዝ በየትኛውም እግር አይቻልም። በዚህ ምክንያት ነው በአሜሪካ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ አንድን ጎማ ለይቶ በመያዝ መኪናውን ከመንሸራተት የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ (ኢኤስሲ) በሕግ ግዴታ የሆነው። ጸሐፊውም ልክ ናቸው፣ ጎማው ራሱ ካለቀ ኮምፒውተር አያድነውም፤ አራቱም ጎማ ሲንሸራተት የሚይዘው ነገር የለም።

የመጨረሻው ነጥብ፣ የሚጠግነው የለም የሚለው፣ ብዙ ስለሚያመኝ ልክድ አልችልም። በአካባቢያችን ስካነር የያዘ ሁሉ የሚነበበውን ኮድ መተርጎም አይችልም። «የቱርቦ ግፊት ዝቅተኛ» የሚል ኮድ አይተው ቱርቦውን በሙሉ የሚያስገዙ አሉ። ከገበያ የሚገዛው ሴንሰር አንዳንዴ ከአሮጌው የባሰ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ያሉትን መኪኖች ይዘን ረጅም ጊዜ መቆየታችን ስለማይቀር ችግሩ የባሰ ይሰማናል። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መፍትሔ መንቀል አይደለም። ከላይ ያነሣሁት የሐምሌው ደንበኛ «ኤሌክትሮኒክሱ ተበላሽቷል፣ ሶሌኖይዱ ይውጣ» ተብሎ ነበር የተነገረው። ከደሴ ተመልሰን ሞተሩ እየሠራ ከቱርቦው እስከ ኢንተርኩለሩ ያለውን የጎማ ቱቦ በውሃ የቀጠነ የዕቃ ሳሙና ቀባሁት፣ ረዳቴ ነዳጅ ሲሰጠው ከማሰሪያው በታች፣ ዓይን በማያየው ወገን፣ አረፋው መንጠባጠብ ጀመረ። ሦስት ጣት የሚያህል ስንጥቅ ነበር። ኮምፒውተሩ ኮዱን የመዘገበው የታዘዘው ግፊት ስላልመጣለት ነው፤ ስሕተቱን ያወቀው እርሱ ነበር፣ የተሰነጠቀው ግን ጎማ ነው። ሶሌኖይዱ ወጥቶ የእጅ ቫልቭ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ቫልቩ ተጨምሮ ተጨምሮ፣ ቱርቦው የሚፈሰውን አየር ለማካካስ ሲሽከረከር ዘንጉ ይሄድ ነበር። ቱቦው የሚገኘው ደሴ ላይ ነው፤ ለመቀየርም ግማሽ ሰዓት አልወሰደም።

ጽሑፉን አንብበው ቫልቩን አስቀድመው ያስገጠሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁሉም ነገ መጥተው ያስወጡታል ብዬ አልጠብቅም። እስከዚያው ድረስ ግን የሚያስተነፍሰው ዓይነት ቫልቭ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ መኪናው ወደ ሞላው ግፊት ይመለሳል፤ ሾፌሩ ቢያንስ ባቲን አልፎ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት ይዝጋው። የፊውዙን ግን ዛሬውኑ መልሱት።